የታሪክ መጽሐፉ ይለወጣል፣ አስተማመሩ ግን ያው ነው

በኢትዮጵያ መንግሥት ሲለወጥ አብረው ከሚለወጡ ነገሮች አንዱ የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ነው። በንጉሡ ዘመን የተማሩ አያት፣ በደርግ ዘመን የተማሩ አባትና በኢሕአዴግ ዘመን የተማረ ልጅ አንድ ቤት ተቀምጠው ስለ አፄ ምኒልክ ቢጨዋወቱ፣ ስለ ሦስት የተለያዩ ሰዎች የሚያወሩ ነው የሚመስለው። ሦስቱም ግን ታሪክ የተማሩት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው።

ስለዚህ “የታሪክ ትምህርታችን ያዳላል” ሲባል ብዙ ሰው ይስማማል። ጠቡ የሚጀምረው ለማን ያዳላል በሚለው ላይ ነው። አንዱ የድሮዎቹን ነገሥታት ደብተራ ይከሳል። ሌላው ኢሕአዴግን ይከሳል። ሁለቱም የሚሉት ነገር አላቸው። እኔ ግን ትልቁ ችግር ከሁለቱም በታች ያለ ይመስለኛል። ታሪክን የምናስተምረው ተማሪው እንዲያምነው ነው። እንዲመረምረው አድርገን አስተምረነው አናውቅም። ይህ ካልተነካ የቱንም ያህል ሚዛናዊ መጽሐፍ ቢታተም፣ ቀጣዩ መንግሥት ሲመጣ በሌላ ይተካዋል። ተማሪውም አዲሱን እንደ አሮጌው ይሸመድደዋል።

አድሎው ከትምህርት ሚኒስቴር ቢሮ ብቻ አይመነጭም። ሕገ መንግሥቶቻችን ራሳቸው ታሪክ ይተርካሉ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ2ኛ አንቀጹ የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አያይዞ፣ ሳይቋረጥ ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ያደርሰዋል። ይህ የሕግ አንቀጽ በሆነበት አገር የትኛው መምህር ነው ክፍል ገብቶ “ማስረጃው ምንድን ነው?” ብሎ የሚጠይቅ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በመግቢያው “ከታሪካችን የወረስነውን የተዛባ ግንኙነት በማረም” ይላል። ሐሳቡ እውነትነት አለው። ዝም ተብለው የኖሩ ብዙ ሕዝቦች አሉና። ቢሆንም ይህም አስቀድሞ የተሰጠ ፍርድ ነው። ፍርዱ ከላይ ከተሰጠ የመጽሐፍ አዘጋጁ ሥራ ለፍርዱ የሚስማማ ምሳሌ መፈለግ ይሆናል።

በሁለቱ መካከል የመጣው ደርግ ታሪክን የመደብ ትግል አደረገው። በዳይና ተበዳይ፣ ባላባትና ጭሰኛ። የፖለቲካ ትምህርት ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ ከታሪኩ ጎን ቆመ።

ለእነዚህ ዘመናት ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። የንጉሡ ዘመን መጽሐፍ አክሱምንና ላሊበላን፣ የመንግሥቱን ረጅም ዕድሜ አስተማረ። የደርጉ ዘመን ገበሬውን፣ የመሬት ሥሪቱንና የገባርነትን መከራ አመጣ። የኢሕአዴጉ ዘመን የከፋንና የወላይታን መንግሥታት፣ የገዳ ሥርዓትን፣ የሙስሊም ሱልጣኔቶችን ከዳር ወደ መሀል አቀረበ። ሦስቱም አንድ አንድ እውነት ጨምረዋል። ሦስቱም የጨመሩትን እውነት ብቸኛው እውነት አድርገውታል።

አንድ ምሳሌ ላይ ቆየት ልበል፤ ችግሩ በደንብ የሚታየው እዚህ ጋ ነው።

በ1887 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የአፄ ምኒልክ ጦር ወላይታ ዘመተ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ተዋጉ፣ ተሸነፉ፣ ተማረኩ። ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እኚሁ ምኒልክ ዓድዋ ላይ የጣሊያንን ጦር ድል አደረጉ። ሁለቱ ክስተቶች በጊዜ የተጠጋጉ ናቸው። በጥቅምም የተሳሰሩ ናቸው። ከደቡብና ከምዕራብ የተገኘው የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ቡና ጠመንጃ ለመግዛት ረድቷል። ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ሰውም ከብዙ አቅጣጫ የመጣ ነበር። የኦሮሞ ፈረሰኛ ነበር፤ የትግራይ፣ የጎጃም፣ የወሎ፣ የሸዋ ሰው ነበር።

ትምህርት ቤት ግን ሁለቱ ጎን ለጎን አይቀመጡም። አንዱ “የግዛት መስፋፋት” በሚል ርዕስ ሥር ይገባል። ሌላው “የውጭ ወረራን መከላከል” ይባላል። ተማሪው ሁለት ምዕራፍ ያነባል። ሁለት የተለያዩ ምኒልኮችን ያውቃል። አገር ቤትም ቲክቶክም ላይ የሚጣሉት እነዚህ ሁለት ምኒልኮች ናቸው። አንዱ ወገን ዓድዋን ብቻ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው የምኒልክ ጦር የዘመተባቸውን ወላይታን፣ አርሲንና ጨለንቆን። ሁለቱም ማስረጃቸውን ከመጽሐፍ ማውጣት ይችላሉ።

ስለ ወላይታው ዘመቻ ግን ከአንድ በላይ ምንጭ አለ። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ጽፈውታል። ከዘማቹ ጋር አብሮ የሄደ አንድ ፈረንሳዊም ያየውን ጽፏል። የወላይታ ሽማግሌዎች ደግሞ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይዘዋል። አንድ መምህር እነዚህን ሦስት ምንጮች፣ ከእያንዳንዱ አንድ አንቀጽ ብቻ፣ ለተማሪዎቹ ቢያቀርብ ብዙ ነገር ይለወጣል። የሚጠየቁት ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። ጸሐፊው ለማን ነበር የሚጽፈው? ምን በዓይኑ አየ፣ ምን ሰማ? ምን ቢጽፍ ይጎዳ ነበር? ፈረንሳዊው ስለ አፍሪካውያን የዘመኑን የአውሮፓ አስተሳሰብ ይዞ አልመጣም ወይ? ከአፍ ወደ አፍ የመጣው ትረካ በትውልድ ውስጥ ምን ይጨመርበታል፣ ምንስ ይጠፋበታል? ሦስቱም የሚስማሙበት ነገር አለ፤ ጦርነቱ ከባድ እንደነበረ፣ ጦና እንደተማረኩ። የማይስማሙበትም አለ። ተማሪው ይህን ለይቶ ቢወጣ ታሪክ ተማረ ማለት ነው።

ይህ የ16 ዓመት ልጅ በአፄ ምኒልክ ላይ ፍርድ ይስጥ ማለት አይደለም። ዓድዋን ውደድ ወይም ጥላ ማለትም አይደለም። አንድ ሰው የወላይታን ሕዝብ የወጋ፣ የአፍሪካንም ኩራት የሆነ ድል የመራ ሊሆን ይችላል። አዋቂዎቻችን ይህንን አንድ ላይ መያዝ ያቃታቸው በልጅነታቸው ክፍል ውስጥ ስላልሞከሩት ነው ብዬ አምናለሁ።

አድሎ የሚታየው በተጻፈው ብቻ አይደለም፤ በተዘለለውም ነው። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ዝምታ የባርነት ታሪክ ነው። ባርያ ንግድ በመማሪያ መጽሐፎቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከወርቅ፣ ከዝሆን ጥርስና ከዝባድ ጋር በንግድ ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ነው። ሰው በዕቃ ዝርዝር ውስጥ! ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ትልቁ ክርክር የባርነት ጉዳይ ነበር። ባርነትን ጨርሶ የሚሽረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የተወለዱ አዛውንቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ።

ለምን ተዘለለ? መልሱ ለየትኛውም ወገን ስለማይመች ይመስለኛል። ባርያ የሚፈነግለውና የሚሸጠው፣ የሚያሳድረውም የአንድ አካባቢ ሰው አልነበረም። መኳንንት ነበሩ፣ የአካባቢ ባላባቶች ነበሩ፣ ንጉሦችና ሱልጣኖች ነበሩ፣ ነጋዴዎች ነበሩ። ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበረበት። ስለዚህ በዚህ ታሪክ ሌላውን ለመክሰስ የሚነሳ ፓርቲ ራሱንም ይከሳል። የተሸጡት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ደግሞ መጽሐፍ የሚያጽፍላቸው ፓርቲ የላቸውም። የትምህርት አድሎን ከመንግሥት ለውጥ ጋር ብቻ ካያያዝነው እንዲህ ያለውን፣ ሁሉም መንግሥታት የተስማሙበትን ዝምታ አናየውም።

ክፍል ውስጥ ያልተነገረው ደግሞ ውጭ፣ አደባባይ ላይ ይነገራል። በ2006 ዓ.ም. በአርሲ ሂጦሳ ወረዳ የአኖሌ ሐውልት ሲመረቅ የሆነው ይህ ነው። ሐውልቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የምኒልክ ዘመቻ በአርሲ ኦሮሞ ላይ ደረሰ የሚባለውን የእጅና የጡት ቆረጣ ያሳያል። አንዱ ወገን “አባቶቻችን የነገሩን ነው” አለ። ሌላው “የተጻፈ ማስረጃ አምጡ” አለ። ይህ እኮ ጥሩ የክፍል ጥያቄ ነበር። የአፍ ታሪክ እንዴት ይመዘናል? አንድ ነገር በጽሑፍ አለመገኘቱ አልሆነም ማለት ነው? ጽሑፉ በማን እጅ ነበር? በአንጻሩ ደግሞ በአፍ መነገሩ ብቻውን ይበቃል? እነዚህን ጥያቄዎች በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል ተለማምዶ ያደገ ትውልድ ቢኖር ክርክሩ ስድብ ብቻ ሆኖ አይቀርም ነበር።

ከ2010ሩ ለውጥ በኋላ “ሁሉን የሚያስማማ ታሪክ” የመጻፍ ሙከራ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርቶች ሲመለሱ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክም ተካተተ። ሞጁሉ ክርክር ያስነሳው ገና ሳይጸድቅ ነው። በየጊዜው የሚያጋጩን እነዚያው ሁለት ጉዳዮች ናቸው፤ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የኦሮሞ እንቅስቃሴና የ19ኛው ክፍለ ዘመን የመንግሥት መስፋፋት። ታሪክ ተመልሶ መሰጠቱ ደግ ነገር ነው። የሚያሳስበኝ ሚዛንን የምንረዳበት መንገድ ነው። ለዚህ ብሔር ስንት ገጽ፣ ለዚያ ስንት አንቀጽ የሚለው አስተሳሰብ የፓርላማ ወንበር ክፍፍል ይመስላል። ሁሉም ድርሻውን ያገኛል። ማንንም የሚያስቆጣ ዓረፍተ ነገር ይለዝባል። ተማሪው ግን ያ ዓረፍተ ነገር ከየት እንደመጣ አሁንም አያውቅም። የገጽ ድርሻ ማስተካከል ፍትሕ ሊሆን ይችላል። ምርምር ግን አያስተምርም።

ሌላም ዕንቅፋት አለ፣ እሱን ብዙ ሰው ከአድሎ ጋር አያያይዘውም። ቋንቋው ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ታሪክ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የወሎ ወይም የጅማ ልጅ ስለ ገዛ አያቶቹ ዘመን የሚያነበው ብዙም በማይረዳው ቋንቋ ነው። ምንጮቹ በግዕዝ፣ በአማርኛ፣ በዐረብኛ፣ በኦሮምኛ ትረካ፣ በሐረርና በትግራይ ብራናዎች አሉ። ተማሪው ዘንድ የሚደርሰው ግን የተጨመቀ የእንግሊዝኛ አንቀጽ ነው። በደንብ ያልገባውን ነገር ሰው እንዴት አድርጎ ይጠይቃል? ያለው አማራጭ መሸምደድ ነው። ሽምደዳ ደግሞ ለማንኛውም የፖለቲካ መልእክት ይመቻል።

ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ደግሞ መጽሐፎቹን የሚያዘጋጁት ክልሎች ናቸው። ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማሩ ትልቅ ነገር ነው፤ እሱ መነካት የለበትም። ነገር ግን በኅብረተሰብ ትምህርት የክልሉን ጀግኖች ብቻ ያወቀ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ከፌዴራሉ ትረካ ጋር በድንገት ይገናኛል። ሁለቱን የሚያገናኝለት የለም። መምህሩም ቢሆን ብዙ ድጋፍ የለውም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ 70 በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ የሚል ፖሊሲ ከመጣ ወዲህ የታሪክ ትምህርት ክፍሎች ተዳክመዋል። መምህሩ የሚያስተምረው ከተለያየ ብሔር የመጡ፣ ስልካቸው ላይ የየወገናቸውን ትረካ ሲያዩ ያደሩ ልጆችን ነው። አንድ ቃል ቢያመልጠው በማግስቱ ፌስቡክ ላይ ሊወጣ ይችላል። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን በጥድፊያ ቢያልፈው አልፈርድበትም። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በሰንደቅ ዓላማና በመዝሙር ምክንያት የተነሳውን ግጭት ሁላችንም እናስታውሳለን።

“በእንዲህ ያለ አገር ልጆችን ስለ ቁስላቸው አከራክሩ ማለት እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው” የሚሉ ወገኖች አሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ሰው እየሞተ ነው ያለነው። ግን ዝምታም ተሞክሯል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 ከተፈጸመው ዘር ማጥፋት በኋላ የራሷን ታሪክ በትምህርት ቤት ማስተማር ለዓመታት አቁማ ነበር። ልጆቹ ግን ታሪኩን ከቤትና ከሰፈር መስማታቸው አልቀረም። ሰሜን አየርላንድ ሌላ መንገድ መረጠች። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ ግድያው ገና ሳይቆም፣ የካቶሊክም የፕሮቴስታንትም ትምህርት ቤቶች በአንድ ሥርዓተ ትምህርት ማስረጃ እያወዳደሩ ታሪክ እንዲያስተምሩ ተደረገ። ተአምር አልሠራም። ብዙ ልጆች ከትምህርቱ የየወገናቸውን እየመረጡ እንደሚወስዱ በጥናት ታይቷል። ቢያንስ ግን የሌላውን ወገን ማስረጃ አይተዋል፤ ለክርክርም የጋራ መነሻ አግኝተዋል።

እኛ ጋ ከየት እንጀምር? ከቀዝቃዛው ታሪክ መጀመር ይቻላል። የንጉሥ ኢዛናን የድንጋይ ጽሑፎች ውሰዱ። ከእነሱ አንዱ በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ የተጻፈ ነው። በቀደሙት ጽሑፎች ንጉሡ የማሕረም፣ የጥንቱ የአክሱም አምላክ፣ ልጅ ነኝ ይላል። በኋለኛው ጽሑፍ ድሉን ለሰማይ ጌታ ይሰጣል። ምን ተለወጠ? ለምን በሦስት ዓይነት ጻፈ? ማን እንዲያነብለት? በዚህ ጉዳይ የሚጣላ ብሔር የለም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ዘዴውን በዚህ ተለማምዶ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ ወላይታን፣ አርሲንና ዓድዋን በዚያው ዘዴ ማየት ይችላል።

አዳዲሶቹ መጽሐፎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውለዋል። እነሱን ጥሎ ሌላ ማሳተም አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ አከራካሪ ምዕራፍ ሁለት ሦስት ገጽ የምንጭ አባሪ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎችም የአገር ቋንቋዎች አዘጋጅቶ በትምህርት ቢሮዎች በኩል መላክ ይበቃል። መምህሩ አባሪውን ተከትሎ ላስተማረው ነገር እንዳይከሰስ የሚጠብቀው ግልጽ መመሪያም መኖር አለበት። ያለዚያ የሚደፍር መምህር አይገኝም።

ከሁሉ በላይ ግን ፈተናው መለወጥ አለበት። መምህሩ የሚያስተምረው ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው። ፈተናው ምርጫ ነው፤ ዓመተ ምሕረት፣ ስም፣ ቦታ። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠቱ ኩረጃን ለመቆጣጠር ረድቷል። በዚያው ፈተና ግማሽ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑ ሲታወቅ አገሩ ደንግጦ ነበር። የጥያቄው ዓይነት ግን ብዙም መነጋገሪያ አልሆነም። የምርጫ ፈተና ሆኖም ምርምርን መፈተን ይቻላል። ከዜና መዋዕል አንድ አንቀጽ ይሰጥ። ከዚያ “ጸሐፊው በዓይኑ ያየው የትኛውን ነው?”፣ “ከዚህ አንቀጽ የማይወጣው ድምዳሜ የቱ ነው?” ተብሎ ይጠየቅ። አራት አማራጭ ይኑረው፣ ማሽንም ያርመው። በታሪክ ፈተና ውስጥ አምስት እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ቢገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ክፍሉ ይለወጣል፤ መምህርም አስጠኚም ወደዚያ ይዞራሉ።

ይህን የማስቸኩልበት ምክንያት አለኝ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረውና ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው ጦርነት አንድ ቀን ምዕራፍ መሆኑ አይቀርም። በጦርነቱ ጊዜ የትግራይ፣ የአማራና የአፋር ልጆች ትምህርት ቤቶቻቸው ፈርሰው ወይም የተፈናቃይ መጠለያ ሆነው አይተዋል። በትግራይ ልጆች ለዓመታት ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል። የዚያ ዘመን ልጆች ራሳቸው መምህር ሆነው ይህንን ምዕራፍ የሚያስተምሩበት ቀን ሩቅ አይደለም። በሥልጣን ላይ የሚኖረው መንግሥት፣ ማንም ይሁን፣ የራሱን ፍርድ ይጽፋል። ያን ፍርድ ለመመዘን የሚረዳው የእናቶች ምስክርነት፣ የሆስፒታል መዝገብ፣ የተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ የወታደሮች ደብዳቤ ነው። ይህ አሁን፣ ሰዎቹ በሕይወት እያሉ፣ ከሦስቱም ክልሎች በታሪክ ባለሙያዎች እጅ ተሰብስቦ፣ ቅጂው በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ በወመዘክርም በየክልሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ተቀምጦ፣ ለመምህራን ክፍት መሆን አለበት።